ፌስታሉን ለጊዜው ተዉትና ምጣዱን እዩ

«አሜሪካና ቻይና ሰማዩን እያጨሱት እኔ አንዲት ፌስታል ብተው ምን ሊመጣ?» የሚለውን ያልሰማ የለም። ታክሲ ውስጥ ይባላል፣ ቡና ላይ ይባላል፣ ዝናብ በዘገየ ቁጥር ይባላል። ውሸት አይደለም። ችግሩ ሰውየው ይህን ብሎ በዚያው ማረፉ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የጨርቅ ዘንቢል ይዞ ሱፐርማርኬት ስለሄደ ብቻ ድርሻውን የተወጣ የሚመስለው አለ፤ ያውም በቪ8 ሄዶ። ሁለቱም አልመዘኑም።

እዚህ የማሳያችሁ አመዛዘኑን ነው። በየቀኑ ከምትወስኑት ውስጥ ለአየር ንብረት የቱ ይቆጠራል፣ የቱ ለኅሊና ብቻ ነው፣ የሚቆጠረውንስ እንዴት ነው የሚሠራው። አዲስ አበባ ላለ ሰው መልሱ አንድ ነው፣ ሜሪላንድ ወይም ዱባይ ላለ ሌላ። የየራሳችሁን ውሰዱ።

መጀመሪያ መዝኑ

አንድ ቁጥር በቃላችሁ ያዙ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ምድርን የሚያሞቀው ጋዝ፣ ይወጣዋል። ናፍጣ ትንሽ ይብሳል፣ 2.7 ገደማ ነው። ከቤንዚኑ ክብደት እንዴት በለጠ ለምትሉ፣ ካርቦኑ ሲቃጠል ከአየር ላይ ኦክሲጅን ይዞ ስለሚወጣ ነው።

እንግዲህ በሳምንት 40 ሊትር የሚቀዳ ሰው 92 ኪሎ ያወጣል። አሁን ይህንን ከሌላ ቁጥር ጋር አስተያዩት፦ የአንድ ኢትዮጵያዊ አማካይ ድርሻ፣ ከነዳጅና ከሲሚንቶ ብቻ ሲታሰብ፣ በዓመት 150 ኪሎ አካባቢ ነው። ባለመኪናው በሁለት ሳምንት አለፈው ማለት ነው። የአንድ አሜሪካዊ ድርሻ ደግሞ 14 ቶን ገደማ ነው። ከብቱና የደኑ ጭፍጨፋ ሲደመር የእኛም ከፍ ይላል፣ ግን ልዩነቱ አሁንም የሰማይና የምድር ነው።

አውሮፕላንም አለ። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ደርሶ መልስ 23 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለአንድ መንገደኛ ቢሰላ 2 ቶን አካባቢ ይመጣል። ከላይ ባየነው 150 ኪሎ ብናካፍለው የአንድ ኢትዮጵያዊ የአሥራ ምናምን ዓመት ድርሻ በአንድ ትኬት አለቀ።

ከዚህ የሚወጣው የመጀመሪያ ሕግ ቀላል ነው። ገጠር ያለችን፣ መብራት ያልገባላትን እናት «ካርቦን ቀንሺ» ማለት ነውር ነው። የምትቀንሰው የላትም። ስለ መቀነስ የምናወራው መኪና ስላለን፣ ጄኔሬተር ስላለን፣ ስለምንበርር፣ ሥጋ ስለምናዘወትር ሰዎች ነው። እሷ የሚያስፈልጋት ሌላ ነገር ነው፤ ምድጃው ጋ ስንደርስ አነሳዋለሁ።

ቆጥቦ መኖር ብቻውን የት ድረስ እንደሚወስድ ደግሞ ዓለም አንዴ ሳይፈልግ ሞክሮታል። በኮሮና ጊዜ፣ በ2020 እ.ኤ.አ.፣ መንገዱ ጭር አለ፣ አውሮፕላኑ ቆመ፣ ሰው ቤቱ ተዘጋበት። የዓመቱ የካርቦን ልቀት የቀነሰው በ5 በመቶ አካባቢ ነበር። ሌላው ያው ቀጠለ፤ የኃይል ማመንጫው፣ የብረቱ፣ የሲሚንቶው። «የካርቦን አሻራህን አስላ» የሚለውን ወሬ በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በትልቅ ማስታወቂያ ካስፋፉት አንዱ የነዳጅ ኩባንያው ቢፒ መሆኑንም እወቁ። ነዳጅ ሻጩ ሒሳቡን ወደ ገዢው ሲያዞር ጤነኛ ሰው መጠርጠር አለበት። ይህ ግን ምጣዳችሁን ከማየት አያድናችሁም።

ወጥ ቤት፦ ትልቁ ሥራ እዚህ ነው

አዲስ አበባ ላይ ሆናችሁ አንድ ነገር ብቻ የምትለውጡ ከሆነ የምታበስሉበትን ለውጡ።

ምክንያቱ የመብራታችን ምንጭ ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውኃ ነው፤ ንፋስም ትንሽ ይጨምራል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ስለዚህ እዚህ አገር አምፖል በማጥፋት የሚድን ካርቦን የለም ማለት ይቻላል። ቆጣሪያችሁን ታድናላችሁ፣ ያ ጥሩ ነው። ከሰሉን ትቶ ወደ መብራት መሄድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት በባህላዊው አከሳሰል፣ አፈር ለብሶ በሚጨሰው ክምር፣ ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይነዳል። ከስምጥ ሸለቆ በጆንያ የሚመጣው ከሰል አብዛኛው ግራር ነው። የተቆረጠው ተመልሶ ቢበቅል ጭሱን መልሶ ይወስደው ነበር፤ ግራር ግን በአንድ ክረምት አይደርስም፣ ፍየልም አያስበቅለውም።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላችሁ፣ አጠቃቀሙ ላይ እንነጋገር። ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ገደማ ነው። ለቴሌቪዥን በተዘረጋች ቀጭን ገመድና ሶኬት አትሰኩት፤ ገመዱ ይግላል፣ ሶኬቱ ይቀልጣል፣ ከዚያ «መብራት አይሆንም» ተብሎ ወደ ከሰል ይመለሳል። የራሱ ወፈር ያለ መስመርና የራሱ ብሬከር ይሁንለት። ኤሌክትሪሻን አንዴ ጥሩ ብትከፍሉት ይበቃል።

ከዚያ ሙቀቱን አታባክኑ። ብዙ ሰው ምጣዱን ይሰካና ሊጡን ማቅጠን ይጀምራል። አዙሩት። ሊጡ አብሲቱን ጠጥቶ፣ ኩፍ ብሎ፣ ቀጥኖ፣ ማሰሻውና ሰፌዱ አጠገባችሁ ሆኖ ነው ምጣዱ የሚሰካው። ከጋለ በኋላ ሳታቋርጡ ጋግሩ። አክንባሎው የተሰነጠቀ ወይም ጠርዙ ላይ የማይገጥም ከሆነ እንፋሎቱ በዚያ ይወጣል፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም፤ ለውጡት። የመጨረሻዎቹ ሁለት እንጀራዎች ሲቀሩ ንቀሉት፣ ሸክላው የያዘው ሙቀት ያበስላቸዋል። ከእነሱ ኋላም ቆሎ ለማመስ የሚበቃ ይተርፋል።

ለሁለት እንጀራ ብሎ ምጣድ መሰካት ግን ኪሳራ ነው። ከጎረቤት ጋር ተነጋገሩና በአንድ ግለት የሁለት ቤት ሊጥ አውጡ። ሰዓቱንም ምረጡ። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ሁሉም ቤት ይሰካል፣ መስመሩ ይጨናነቃል፣ መብራቱ ይደክማል። ረፋድ ላይ ወይም ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ የሚጋግር ሰው ራሱም ይገላገላል፣ ሰፈሩንም ያግዛል።

«መብራት ሲጠፋስ?» ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ከሰል ከቤታችን የማይወጣውም በዚህ ነው። ለመጠባበቂያ የምትይዙት የከሰል ምድጃ «ላቀች» የሚባለው የተሻሻለው ይሁን። ከተራው የብረት ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል። በእንጨት የሚጋግር ዘመድ ገጠር ካላችሁ ደግሞ፣ ለበዓል ከምትልኩለት ገንዘብ ላይ «ምርጥ» የሚባለውን የተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ ግዙለት። በሦስት ጉልቻ ከሚነደው እንጨት ግማሹን ያህል ያድናል። ጭሱም ይቀንሳል፣ ይኼ ቀልድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከማብሰያ በሚወጣ የቤት ውስጥ ጭስ በዓለም በዓመት 3 ሚሊዮን ገደማ ሰው ይሞታል። ለዚያች ገጠር ላለች እናት የአየር ንብረቱ ሥራ ይህ ነው፤ ዓይኗና ሳንባዋ፣ እንጨት ፍለጋ የምትሄደው መንገድ።

የቡናውን ከሰል አልነካባችሁም። ጀበና በስቶቭ ጥዱ ብዬ ከማንም ጋር አልጣላም፣ መጠኑም ትንሽ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ቡናው ሲያልቅ የተረፈውን ፍም ክዳኑ በሚገጥም ጣሳ ክታችሁ አፍኑት፣ ነገ ይሠራል። ክረምት ላይ ለሙቀት ብላችሁ መኝታ ቤት እንዳታስገቡት። ከፍሙ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ተኝታችሁ ትቀራላችሁ።

ጎን ለጎን የሚሠራ፦ ሽንብራና ባቄላ ማታ ዘፍዝፉ፣ ድስት ክደኑ፣ ፕሬዠር ኩከር ካላችሁ ተጠቀሙበት።

ፌስታልና ሃይላንድ

ፌስታል መተው ጥሩ ነው፣ ሕጉም መጥቷል። ምክንያቱ ግን በአብዛኛው ሌላ ነው። ፌስታል ቦይ ይደፍናል፣ በክረምት ጎርፍ ቤት ያስገባል፣ ላም ትውጠዋለች። በካርቦን ሚዛን ከመጣችሁ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ጎን ስሟም አይነሳ። የሃይላንዱን ነገር ቆራሌው ለብዙ ዓመት ሲሠራው ኖሯል፤ ለይታችሁ ስጡት፣ ምናለሽ ተራ ያውቅበታል።

ከቆሻሻው ውስጥ ለአየር ንብረት የሚከብደው የተደፋው ምግብ ነው። እንጀራው፣ የአትክልቱ ልጣጭ፣ ከሠርግ የተረፈው ወጥ ቆሻሻ ክምር ሥር አየር አጥቶ ሲበሰብስ ሚቴን ያወጣል፤ ሚቴን ደግሞ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ የበረታ ሙቀት ያዥ ጋዝ ነው። የቆሼ ክምር መጋቢት 2 ቀን 2009 ተንዶ ከ110 በላይ ሰው መግደሉን አንረሳም። እዚያ የሚወጣውን ቆሻሻ መቀነስ ከአየር ንብረት በፊትም የነፍስ ጉዳይ ነው። በዓለም ደረጃ በ2022 እ.ኤ.አ. ከ1 ቢሊዮን ቶን በላይ ምግብ ባክኗል፤ ከዚያ 60 በመቶው ከየቤቱ ነው። ስለዚህ የደረቀው እንጀራ ድርቆሽ ይሁን፣ ልጣጩ ግቢ ካለ ጉድጓድ ገብቶ አፈር ይልበስ። ድግስ ላይ «እንዳያንስ» የሚባለውን ነገር ግን ማን እንደሚያስቆመው እንጃ።

መኪና

ኢትዮጵያ በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ በዓለም ቀዳሚ ናት። መብራቱ ከውኃ ስለሆነ እዚህ የሚነዳ የኤሌክትሪክ መኪና፣ በከሰል ድንጋይ መብራት ከሚያመነጭ አገር ካለው ወንድሙ በጣም ይሻላል። አቅሙ ያለው ይግዛ። ከመግዛቱ በፊት ግን ቤቱ ቻርጅ የሚያደርግበት መስመር መኖሩን፣ ባትሪው ሲታመም ማን እንደሚያክመው ይጠይቅ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሆናችሁ ገመድ በመስኮት አታወርዱም መቼም።

አቅሙ የሌለው ደግሞ፣ ማለትም አብዛኞቻችን፣ በሚኒባስና በአንበሳ አውቶቡስ ስለምንሄድ ሳናስበው ደህና ነን። መኪና ኖሯችሁ በሳምንት ሁለት ቀን ከባልደረባ ጋር ብትጋሩ፣ ከላይ ባለው ሒሳብ ራሳችሁ አስሉት። የነዳጅ ሰልፉን ማትረፋችሁም ትንሽ ነገር አይደለም።

ውጭ ላላችሁ

የእናንተ ሚዛን ይለያል። ያደጉ አገሮችን ነዋሪ የተመለከተ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት፣ ያለ መኪና መኖር በዓመት 2.4 ቶን፣ አንድ አትላንቲክ አቋራጭ ደርሶ መልስ በረራ መተው 1.6 ቶን፣ ከሥጋና ከእንስሳት ተዋጽኦ መራቅ 0.8 ቶን ያድናል ይላል። ቆሻሻ ለይቶ መጣል 0.2 ነው። ሰው ግን ስለየትኛው ነው የሚያወራው? ስለ መጨረሻው።

ምግቡ ላይ ብዙ ሀበሻ ሳያውቀው ይቀድማል። የኦርቶዶክስ ጾም የሚጾም ሰው በዓመት ከ180 ቀን በላይ ሥጋም ወተትም እንቁላልም አይነካም። ፈረንጅ በመጽሐፍ እየተማረ የሚደርስበትን በያይነቱ ከልጅነታችን እንበላዋለን። ለማይጾም ሰው ምክሬ አጭር ነው፦ የበሬ ሥጋ በኪሎ ከምስርና ከሽሮ በአሥር እጥፎች የሚቆጠር ልቀት አለው፣ ዶሮ በመካከል ነው። ክትፎውን ለበዓል አድርጉትና የአዘቦቱን ቀን በምስርና በዶሮ ያዙት። ሆድ የሚጎድልበት ነገር የለም።

በረራው ከባድ ነው። እናት አገር ቤት ታማ ካርቦን የሚያሰላ የለም፣ አይገባውምም። የሚቻለው ሁለት አጫጭር ጉዞ ማድረግን ትቶ አንድ ረዥም ማድረግ ነው። ሠርጉንም፣ ተዝካሩንም፣ የቤቱን ጉዳይም ባንድ ትኬት።

ባሕረ ሰላጤው ላይ ኤሲ ትልቁን መብራት ይበላል፣ መብራቱም በአብዛኛው ከጋዝና ከዘይት ነው። የራሳችሁ ቤት ካላችሁ 24 ዲግሪ ላይ አቁሙት፣ ማጣሪያውን አጽዱ። ሰው ቤት ተቀጥራችሁ የምትሠሩ እህቶች ግን ይህ ጽሑፍ አይመለከታችሁም። ሪሞቱ በእናንተ እጅ አይደለም፣ ሸክሙም የእናንተ አይደለም።

ችግኝ፦ መትከሉ ቀላሉ ነው

በ2011 ክረምት አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረ ወዲህ ያልተከለ ሰው ጥቂት ነው። አንድ ያደገ ዛፍ፣ እንደ ዝርያውና እንደ ቦታው ቢለያይም፣ በዓመት የሚይዘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአሥር ምናምን ኪሎዎች ነው የሚቆጠረው። የሳምንት ቤንዚናችሁን የሚመልስ ዛፍ ዓመት ሙሉ በርካታ ሆኖ መቆም አለበት። ስለዚህ ችግኝ መትከል የቪ8 ይቅርታ ደብዳቤ አይሆንም። ለአፈር፣ ለውኃና ለጥላ ግን ዋጋው ብዙ ነው፣ ከኖረ።

እንዲኖር እንዲህ አድርጉ። ጉድጓዱን ከዝናቡ በፊት ቆፍሩ፣ አፈሩ አየር ያግኝ። ስትተክሉ ችግኙ ያደገበትን ላስቲክ ቀዳችሁ አውጡት፤ ከነላስቲኩ እየተቀበረ የሚሞተው ችግኝ ብዙ ነው፣ ፎቶው ላይ ግን አይታይም። ሥሩ እንዳይታጠፍ፣ አንገቱ ከአፈር በላይ እንዲቀር ተጠንቀቁ። በእሾህ ወይም በእንጨት እጠሩት። ከዚያ ዋናው፦ ከጥቅምት እስከ ዝናብ መመለሻ ውኃ የሚያጠጣው ሰው ስም ይኑረው። «ማኅበሩ ያጠጣል» ማለት ማንም አያጠጣም ማለት ነው። ምንጭ አጠገብ ባሕር ዛፍ አትትከሉ። ወይራ፣ ዝግባ፣ ዋንዛ፣ ኮሶ፣ የአበሻ ጥድ አሉን፤ ለቦታው ከፍታ የሚስማማውን ችግኝ ጣቢያ ጠይቁ።

ብቻችሁን አታድርጉት

አሁን ወደ ታክሲው ጥያቄ እንመለስ። የአንድ ሰው ምርጫ ብቻዋን ስትቀር በእርግጥ ትንሽ ናት። የምትከብደው ስትጋባ ነው።

ጀርመን በ2000 እ.ኤ.አ. ከፀሐይ ኃይል የሚያመነጭ ሰው መብራቱን በጥሩ ዋጋ የሚሸጥበት ሕግ አወጣች። ተራ ሰዎች በዚያን ጊዜ ውድ የነበረውን ፓኔል ጣሪያቸው ላይ ሰቀሉ። ገበያው ሲሰፋ ቻይና በብዛት አመረተች። ከ2010 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የፓኔል ዋጋ 90 በመቶ ገደማ ወረደ። ዛሬ መብራት ያልደረሰበት ቀበሌ ስልክ ቻርጅ የሚያደርገው ፓኔል የረከሰው ከእነዚያ ጣሪያዎች ተነስቶ ነው። ቻይና ታጨሳለች የሚለው ሰውዬ ይህችንም ይጨምርባት። እስራኤል ያላችሁ ዱድ ሼሜሹን ታውቁታላችሁ፣ በየጣሪያው ያለውን የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ። በ1980 እ.ኤ.አ. በሕግ ለአዲስ ቤት ግዴታ ሲሆን ምርጫ መሆኑ ቀረና ልማድ ሆነ።

እኛ ለዚህ የሚሆን ድርጅት አለን፣ ዕቁብና እድር የሚባል። ምጣድ በአንድ ጊዜ ለመግዛት ከባድ ነው፣ ስለዚህ የምጣድ ዕቁብ ጣሉ፤ ዕጣ የደረሰው ምጣዱንና መስመር መዘርጊያውን ባንድ ላይ ይወስዳል። እድሩ ለድንኳን ምግብ ሲያበስል እንጨት በመኪና የሚያስመጣ ከሆነ፣ ለትልልቅ ድስት የሚሆን የተሻሻለ ምድጃ አንዴ ገዝቶ ከድንኳኑና ከወንበሩ ጋር ያስቀምጥ። ይህንን ስብሰባ ላይ ስታቀርቡ ስለ ዓለም ሙቀት አትጀምሩ። ለእንጨት ባለፈው ዓመት የወጣውን ብር ከገንዘብ ያዡ መዝገብ ላይ አስነብቡ። ሽማግሌዎቹ ቀሪውን ራሳቸው ይጨርሱታል።

መሥሪያ ቤትም እንዲሁ ነው። ጄኔሬተሩ በሰዓት ስንት ሊትር እንደሚጠጣ ጥበቃውን ጠይቁት፣ በ2.7 አባዙት። የእናንተ የዓመት ቁጠባ በአንድ ሳምንት መብራት መጥፋት ሲበላ ታዩታላችሁ። አለቃችሁ ጋ በዚያ ቁጥር ግቡ፤ ለኮምፒውተሮቹ ብቻ የሚበቃ ባትሪ ወይም ፓኔል ቢገባ ናፍጣው ስንት እንደሚቀንስ ከዋጋው ጋር በአንድ ገጽ ጽፋችሁ። ከአንድ ገጽ ካለፈ አያነቡትም።